በደጅ የሚበላ እንግዳ

በዚህ ከተማ ሞተር ተበላሽቶ እኔ ያላስነሣሁት ካለ ባለቤቱ መጥቶ ይንገረኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው፤ ኤሌክትሪክ የተማርሁት ሦስት ጊዜ ነዝሮኝ ነው። ሹም አቦ ሰፈር ያለውን ቤቴን መሠረቱን ቆፍሬ፣ ግድግዳውን ገንብቼ፣ መብራቱን ዘርግቼ ያቆምሁት ራሴ ነኝ። የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል። አንዳንዱ ለማሾፍ ነው የሚለው፤ ቧንቧው የፈነዳበት ቀን ግን ማሾፉን ትቶ ይመጣል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመኩራራት ብቻ አይደለም። በቀላሉ የማልዋረድ ሰው መሆኔን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ዘፋኝ በገዛ ደጄ ላይ አሳፍሮኛል፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ነገሩ የጀመረው ጣና ዳር ነው። ወደ ገዳማቱ ሰው የምታመላልስ አንዲት ጀልባ ሞተሯ እየታነቀ አስቸግሮ፣ ሦስት ተምረናል ባዮች ነካክተው ካቃታቸው በኋላ እንደተለመደው ወደ እኔ መጣች። ከዋርካው ሥር ሸራ አንጥፌ፣ ነዳጅና አየር የሚቀይጠውን ካርቡራተር በትኜ በመጥረግ ላይ ሳለሁ ከወደ ደንገሉ የክር ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ማሲንቆ መሰለኝ። ግን የማሲንቆ ጭራ ያለቅሳል፤ ይኼኛው እንደ ውኃ ይንጠባጠባል። ቀና ሳልል «ይህ ሽቦ ነው፣ ደጋንም የለው» አልሁ ለራሴ። ዞሬ ሳይ ልክ ነበርሁ።

ከስልሳ የማያንስ፣ ከሲታ፣ ሽበቱን አናቱ ላይ የቋጠረ ሰው ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሷል፤ እግሩ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች አሥሯል፤ ትከሻው ላይ ከብዙ ዓይነት ጨርቅ የተጣጣፈ ከረጢት አንጠልጥሏል። የያዘው መሣሪያ ቆዳ የተወጠረበት ግማሽ ቅል ነው፤ ከቅሉ ግራና ቀኝ የተነሡ ሁለት የቀርከሃ ስንጣሪዎች ከላይ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው አንድ ሽቦ ብቻ አለ። በሌባ ጣቱ ሽቦዋን እየነካ በሌላ እጁ ቀርከሃውን ጫን ለቀቅ ሲያደርግ ድምፁ ይሰግራል። አሠራሩ በአንድ እይታ ገባኝ። እኔም አንድ ከሰዓት ብሰጠው የምሠራው ነገር ነው።

ጎረምሶች ከብበው በስልክ ይቀርጹታል። አንዱ ከጎኑ ቆሞ ይዘላል፤ ሌላው «ጨፍር እንጂ» ይለዋል። በዚያ ላይ ከዳርቻው መዝናኛዎች የአንዱ ጥበቃ መጣና በዱላው ጫፍ ትከሻውን ገፋ ገፋ ያደርገው ጀመር። ደሜ ፈላ። ሐይቁን እግዜር እንጂ የመዝናኛ ባለቤት አልቆፈረው። ካቻቢቴዬን እንደያዝሁ ሄድሁና ዱላውን ያዝሁት።

«አባባ፣ እብድ ነው፤ እንግዶች እየረበሸብን ነው» አለኝ ጥበቃው።

«እኔን የሚረብሸኝ ዘፋኝን ከእብድ የማይለይ ጥበቃ ነው» አልሁት። ጎረምሶቹ ሳቁ፣ እኔንም ይቀርጹኝ ጀመር፤ ይቅረጹ።

ሰውዬውን ይዤው ወደ ሸራዬ መጣሁ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ዲዳ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ በወጣትነቴ ሲኒማ ቤት ትኬት እየቆረጥሁ፣ የፊልም ማሳያውንም እየጠገንሁ ስንት ዓመት የሕንድ ፊልም አይቻለሁ። ከዚያ የለቀምሁት ቋንቋ ለሰላምታ፣ ለመብልና ለስድብ ይበቃል። በእሱ ሰላም አልሁት። ሳቁ ከሆዱ መጣ። እሱም መለሰልኝ፤ ግን ደረቱን መታ መታ እያደረገ «ቤንጋል፣ ቤንጋል» አለኝ። ቤንጋል የራሱ ቋንቋ ያለው የሕንድ ክፍል ነው፤ የፊልሙን ቋንቋ እሱም የሚያውቀው እንደ እኔ ከውጭ ነው ማለቱ ነበር።

ከዚያ ሸራው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዘፈነልኝ። ምን እንደሚል አላውቅም። ሰው የጠፋበትን ዕቃ የፈለገበትን ቦታ እየተመለሰ እንደሚፈልግ፣ አንዷን ቃል እየተመለሰ ይጠራት ነበር። ካርቡራተሩን ረስቼ ሰማሁት። ሲጨርስ ጉንጩ ወደ ውስጥ መግባቱን አየሁ። በልተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ራሱን ወዘወዘ። እዚህ አገር ማን አበላው? በስልክ የቀረጸው ነው ወይስ በዱላ የገፋው?

ቤቴ መጥቶ ሳይበላ የተመለሰ ሰው የለም። ለቆጣሪ አንባቢውም፣ ሊከሰኝ ለመጣው ጎረቤትም ማዕድ ቀርቧል። ለባለቤቴ ደውዬ ዓሣ ጥበሺ አልኋት፤ ባጃጅ ጠርቼ ሰውዬውን አሳፈርሁና ወደ ሹም አቦ ይዤው ሄድሁ።

የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈትሁ። እኔ ሁለቱን የምከፍተው ለመኪናና ለክቡር እንግዳ ብቻ ነው። እሱ ከደፉ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የከረጢቱን አፍ ከፈተ፣ ክንዱ ላይ አንጠለጠለው፣ ሽቦዋን ነካ፣ መዝፈን ጀመረ። አክብሮት መሰለኝና ኮፍያዬን አውልቄ ጠበቅሁት። ሲጨርስ «ግባ» አልሁት። እጅ ነሣ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። እንግዳ ሲያፍር እንደምናደርገው ክንዱን ይዤ ሳብ አደረግሁት፤ በቀስታ አስለቀቀኝ። በሞቴ አልሁት። በእኔ ሞት መማለድ በቤንጋል የታወቀ አይመስለኝም፤ ፈገግ አለ።

ባለቤቴ የእጅ ውኃና ፎጣ ይዛ ወጣች። እጁን ሳይሆን ከረጢቱን ዘረጋላት። እሷ ዓይኗ ከእኔ ይልቅ ሰው ያያል።

«እዚሁ እንድጨምርለት መሰለኝ የፈለገው» አለች።

«ምኑን ነው የምትጨምሪለት? ጎረቤት እያየ የጠራሁትን እንግዳ እንደ ቆሎ ተማሪ በደጅ ልትሸኚው ነው?»

«እሱ ካልገባስ?»

«ይገባል» አልሁ።

አልገባም። ቆሞ እኔን ያያል፤ እኔም በሩን ይዤ እሱን አያለሁ። ከላይኛው ቤት አንዲት ሴት ጎመን እየመረጠች ብቅ አለች፤ ባለባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ይመለከታል። በመጨረሻ ከረጢቱን ዘጋና ወደ ፊት ለፊት ጎረቤቴ ደጅ ተሻገረ።

ፊት ለፊት ያሉት መሪጌታ ናቸው። በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲያስተምሩ ኖረው በእርጅና ወደ ከተማ የመጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። በየበዓሉ ዝክር የሚያወሩት ነገር አላቸው፦ በተማሪነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ የቁራሽ መለመኛ አኮፋዳቸውን አንግተው፣ መራዊ ዙሪያ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ እንዴት እንደ ለመኑ፣ ውሻ ባታቸውን እንዴት እንደ ቦጨቃቸው ያወራሉ፤ ጠባሳውንም ያሳያሉ። ስለዚህ ዘፋኙ ከደጃቸው ቆሞ ሽቦውን ሲነካ እሳቸው እንኳ ያውቁበታል አልሁ። ውሻቸው ጮኸ። መሪጌታ በትንሿ መዝጊያ ብቅ አሉ፤ ቀሚሱን አዩ፣ ቃጭሉን አዩ፣ አማተቡና ዘጉት። ውሻው ከበሩ ሥር አፍንጫውን አውጥቶ ሊናከስ ሲል ሰውዬው ወደ ኋላ ተደናቅፎ ከድንጋዩ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ መሣሪያውን አቅፎ ወደ አስፋልቱ ወረደ።

እኔ ገብቼ ዓሣውን ብቻዬን በላሁ።  ከጥበቃ ዱላ ያዳንሁት፣ በባጃጅ ያመጣሁት፣ ሁለት ክንፍ በር የከፈትሁለት ሰው ቤቴን ንቆ ሄደ! ባለቤቴ ያልታጠቡበትን የእጅ ውኃ ደጅ ወስዳ ደፋችው። 

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መነጽራም ሕንዳዊ በሬን አንኳኳ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የማሽን ቴክኒሻን ነው፤ አማርኛውን ከሠራተኞች ነው የለቀመው። የዘፋኙ የእህት ልጅ መሆኑን ነገረኝ። አጎቱ ሊጠይቀው መጥቶ ከእሱ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያረፈው። ሰፈሩን ጠይቆ ጠይቆ ያገኘኝ ይቅርታ ሊለኝ ነበር።

«አባባ፣ አጎቴ አይንቅም» አለኝ። «እሱ በደጅ ነው የሚበላ።»

በተሰባበረ አማርኛው ያስረዳኝ ይህን ነው። አጎቱ ዕድሜውን ሁሉ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚዘፍን ሰው ነው። ያቺን መሣሪያ መምህሩ ሲሰጡት በደረስህበት አገር መጀመሪያ የምትበላው ደጅ ላይ ዘፍነህ የተሰጠህን ይሁን ብለውታል። በአገሩ ይህ ቀላል ነው፤ የዘፈኑ ድምፅ ሲሰማ ሴቶቹ አንድ እፍኝ ሩዝ ይዘው ይወጣሉ፣ እሱም ማታ አብስሎ ይበላል። ከሥጋ ዘመድ ቤት የሚበላ አይቆጠርም፤ ተጠርቶ ገብቶ የሚበላም አይቆጠርም። እዚህ ከመጣ አራት ቀኑ ነው። አንዱ በር ላይ ብር ወረወሩለት፣ መልሶ ሰጣቸው፤ ሌሎቹ ዘጉበት። እሱ ከምግብ ከማይቆጥራቸው ከሻይና ከሙዝ በስተቀር ምንም አልቀመሰም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ይበርራል። የእህቱ ልጅ የሚፈራው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንዳይወድቅበት ነው፤ አጎቱን የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነገር ነው አለኝ። በሕይወቱ አንድም ደጅ ያልሰጠው አገር ገጥሞት አያውቅም።

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈብኝ። አንድም ደጅ ያልሰጠው አገር የእኔ አገር ነው። ቴክኒሻኑን ለምን ቀድሞ አልነገረኝም ብዬ ተቆጣሁት፤ እንዴት ቀድሞ ይነግረኛል፣ አያውቀኝም። ያም ሆኖ ተቆጣሁት። አንድ እፍኝ ሩዝ ለመስጠት ምን ያስቸግራል እንዳትሉ። ከጣና ማዶ ሩዝ ከእኛ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ ነው፤ ጓዳዬ ውስጥ የባለቤቴ ዘመዶች ከይፋግ የላኩት አንድ ኩንታል ቆሟል። ነገሩ ሩዙ አይደለም። ግባ ብዬ የጠራሁትን ሰው፣ ዕድሜውም ለእኔ የሚቀርብ፣ ሰፈር እያየ ደጅ አቁሜ በእፍኝ ልሸኘው? ነገ «ኢንጂነሩ እንግዳውን ደጅ ላይ አበላው» ይባላል። ከእኔ ይልቅ ይህን መስጠት የሚገባው ሌላ ሰው ነው ብዬ መንገዱን ተሻገርሁ።

መሪጌታ ጥላው ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። መቀመጫ ሳይሰጡኝ ተቀመጥሁ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ከዚያ ጠየቅኋቸው።

«እርስዎ አኮፋዳ ይዘው አልለመኑም፣ መሪጌታ?»

«ለምኛለሁ። ሰባት ዓመት።»

«ታዲያ በሩን የዘጉት በማን ላይ ነው?»

መጽሐፋቸውን አጠፉ። እሳቸው የለመኑት በእመቤታችን ስም እንደሆነ፣ ይህ ሰው ግን በማን ስም እንደሚለምን እንደማያውቁ፣ በማያውቁት ስም መስጠት ለካህን ከባድ መሆኑን ረጋ ብለው ነገሩኝ። ረኃብ ስም የለውም አልኋቸው። ሆድ ስም የለውም፣ ልመና ግን ስም አለው አሉኝ። ያኔ ድምፄ ከፍ አለ። ይህ ከተማ በቁራሽ የተማሩ ሰዎች ከተማ ነው፤ ደብተራው፣ ቄሱ፣ መሪጌታው ሁሉ የሰው ደጅ ያሳደገው ነው፤ ዛሬ ደጁ በቆርቆሮ ተዘግቶ ውሻ ሲታሰርበት ማንም አያፍርም አልሁ። ብዙ ተናገርሁ። ጥሩ አድርጌም ተናገርሁ፤ ውሻቸው እንኳ ጆሮውን አቁሞ ሰማኝ።

መሪጌታ እስክጨርስ ጠበቁ።

«እርስዎስ ሰጡት፣ ኢንጂነር?»

«ቤቴ ድረስ ጠራሁት እንጂ!»

«እሱ የለመነዎት ደጅዎን ነው። እርስዎ የሰጡት ሳሎንዎን ነው።» ባታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «እኛንም ግቡ የሚሉን ባለጸጎች ነበሩ። ገብተን ከጠገብን በየጎጆው ለቀሩት ሕመምተኛ ጓደኞቻችን ባዶ አኮፋዳ ይዘን እንመለሳለን፤ የኔታም ይቀጡናል። ደጅ ላይ ቁራሽ የምታቀብለን ድኻ ሴት ናት ያስተማረችን። እኔ የተውሁት በሃይማኖቴ ነው፤ ልክ ላልሆን እችላለሁ፣ እጠየቅበታለሁ። እርስዎ የተዉት በምንዎ ነው?»

ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው የሚመልሰው ሲያጣ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ንዴት ሲይዘውም ይወጣል። ጣና ዳር ወርጄ ያንን ካርቡራተር ገጠምሁት። ሞተሩን ብስበው ብስበው እምቢ አለኝ። ብፈታው በመጋጠሚያው መካከል የሚገባውን ጋስኬት ገልብጬ አስገብቼዋለሁ። በሃምሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም፤ ያየኝም ሰው ባለመኖሩ እግዜርን አመሰገንሁ። በምኔ ነው የተውሁት? ሞተሩን ሁለተኛ እየገጠምሁ ይህ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ሰው ሳበላ ሲበላ ማየት እወዳለሁ። ጨምር ስለው፣ ጠገብሁ ሲለኝ፣ ባለቤቴን ሲያመሰግን፣ ቤቱን ማን ሠራው ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ ነኝ ስለው። ደጅ ላይ የሚሰጥ እፍኝ ይህን ሁሉ አይመልስም። ይህን ለማንም አልተናገርሁትም፤ እዚህ ስጽፈው ነው የመጀመሪያዬ።

ቅዳሜ ጠዋት በረራው ረፋድ ላይ ስለ ነበር ሰውዬው ማልዶ አንድ ጊዜ ይሞክራል ብሎኝ ነበር ቴክኒሻኑ። ከጓዳ ሩዝ በጣሳ ቀዳሁ። ባለቤቴ አየችኝ፣ ግን ያላየች መሰለች። ከዚያ ጣሳውን ትቼ በእጄ ዘገንሁ፤ በሁለት እጅ የተሞላ እፍኝ። ሁለቱ እጆቼ ስለ ተያዙ ትንሿን መዝጊያ በክርኔ ከፈትሁ።

ቃጭሉ ከታች ተሰማ። አንድ በር ላይ ቆሞ ዘፈነ፣ አልተከፈተም። ሁለተኛው ላይ ዘፈነ፣ ከውስጥ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አሰናበቱት። እርምጃው መጀመሪያ ካየሁት ቀን ከነበረው አጥሯል፤ የእህቱ ልጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ይከተለዋል። የእኔ ቤት ጋ ሲደርስ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሊያልፍ ሆነ። እኔን ሊዘለኝ! በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ እንደዚያ ያናደደኝ የለም። ደፉን አልፌ መንገዱ ላይ ወጥቼ ፊት ለፊቱ ቆምሁ።

ቀና ብሎ እጄን አየ። የከረጢቱን አፍ ከፈተና ዘፈነ። አላሳጠረውም፤ የጀመረውን ሁሉ ዘፈነ። ያቺ የላይኛዋ ቤት ሴት ዳቦ ይዛ ስታልፍ ቆመች፤ ሁለት ተማሪዎች ቆሙ። «ግባ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጣ ልትዘል ትፈልግ ነበር፤ በጥርሴ ያዝኋት። ሩዙ ከጣቶቼ መካከል ይንሸራተታል። የፊት ለፊቱ ውሻ አልጮኸም። በጎን ሳይ መሪጌታ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው የውሻውን አንገት በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ሲጨርስ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርሁለት። ጥቂት ፍሬ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመው፤ እኔም ጉልበቴ እያመመኝ ጎንበስ ብዬ አብሬው ለቀምሁ። ከረጢቱን ግንባሩ ላይ አስነካው። አላመሰገነኝም። ሽቦዋን አንድ ጊዜ ብቻ ነካት፣ ሄደ።

«በማን ስም ሰጡት?» አሉኝ መሪጌታ ከበራቸው።

«በማንም ስም አይደለም። በእጄ ነው የሰጠሁት።»

ውሻውን ለቀው ገቡ።

ቀትር ላይ ቴክኒሻኑ ደወለልኝ። «አባባ፣ በላ» አለኝ። እንዴት እንደበላ እንዲነግረኝ አስገደድሁት። ሩዙን በጨው ብቻ ቀቅሎ፣ አንድ ድንች ጨምሮበት፣ ኮንዶሚኒየሙ ወለል ላይ ተቀምጦ ሳህኑን ጠርጎ በልቷል። ከዚያ በደህና ተሳፍሯል።

ጨውና ድንች! ባለቤቴ የጠበሰችውን ዓሣ የቀመሰ ሰው ሁሉ ጣቱን ይልሳል፤ ቃሪያው፣ ሎሚው፣ የምታበስለው ሩዝ ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ስንቱን ሰው አብልቻለሁ፤ ሁሉንም ከፊታቸው ተቀምጬ ሲበሉ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ የተራበውን ይህን አንድ ሰው ግን ሲያኝክ አላየሁትም። ጣፍጦት ይሁን፣ ጠግቦ ይሁን፣ ያንን ድንች ቀድሞ ይሆን የበላው ወይስ ለመጨረሻ አቆይቶት፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።